ግድግዳው ላይ ያሉት ሁሉ አንተን ያያሉ

ይድረስ ለባለቤቴ፣ ለጌታቸው ሆዴ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ አንተን ምን ብዬ እንደምጠይቅህ ቸገረኝ። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። እኔ አለሁ፤ የመሐል ሜዳም ብርድ እንዳለ ነው።

ፎቶ ቤትህን አልዘጋሁትም። ማንሳቱን ባልችልም ያነሳሃቸውን ልጆች ፎቶ የሚጠይቁ እናቶች ይመጣሉ። ለብሔራዊ ውትድርና ከመሄዳቸው በፊት የተነሱት ልጆች አሁንም ግድግዳው ላይ ናቸው። የአንዳንዶቹ መርዶ መጥቷል። እነሱ መሃል መቀመጥ ያስፈራኛል፤ ግን እቀመጣለሁ።

የሚያስጨንቀኝን ልንገርህ፤ መልክህ እየጠፋብኝ ነው። ድምፅህ አለ፣ ሳልህም አለ። ፊትህን ላስበው ስል ግን አፍንጫህ ሲመጣ ዓይንህ ይሄዳል። አገሬውን ሁሉ ሲያነሳ የኖረ ሰው ለእኔ የራሱን አንድ እንኳ አይተውም? የሰርጋችን ፊልም ብርሃን ገብቶበት ተበላሸ፤ መታወቂያህን ቀበሌ ወሰደው። በቀብርህ ቀን እህትህ ይዛ የምታለቅስበት ፎቶ ብታጣ ካሜራህን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አለቀሰች። ለሙት ዓመትህ ደግሞ ከመርሐቤቴና ከግሼ ዘመድ ይመጣል፤ እኔ ምን ይዤ ልውጣ?

ስለ ፎቶግራፍ ጽፈህ መጽሔት ላይ የወጣልህን ትችት ሰሞኑን እንደገና አነበብኩት። ያኔ ስታነብልኝ ድንች እየላጥኩ አዛጋሁብህ። ሰውን የዘንባባ ሥዕል ፊት እያቆሙ የሚያነሱትን ስትነቅፍ፣ ቅናት ነው ብዬም ስቄብህ ነበር። እውነቱን ለመናገር መካከሉ አሁንም ያሰለቻል። መጨረሻው ላይ ግን፣ የሚነሳው ሰው የሚያየው አንሺውን ስለሆነ ፊቱ ላይ አንሺውም አለ ትላለህ። ያኔ ጨዋታ መስሎኝ ያለፍኩት ነው። አሁን ከጽሑፉ ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁት። እነዚያ ልጆች ሁሉ የሚያዩት አንተን ነው! ተነስቼ ካሜራህ ይቆምበት በነበረው ቦታ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለህ መሰለኝ፤ ዞሬ ለማየት ድፍረት አጣሁ።

ከዚያ የራሴን ፎቶ ከሳጥን አወጣሁ። በተጋባን ሰሞን የበግ ጠጉር ባናህን ደርበህልኝ፣ አትሳቂ እያልክ ያነሳኸኝን። ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ይዤዋለሁ፤ ዓይኔ ግን ስቋል። ከዚያ ወዲያ መስታወት ውስጥ ያንን ዓይን አይቼው አላውቅም። አንተ ፊት ብቻ የሚመጣ ነበር።

ለሙት ዓመትህ ያንን ፎቶዬን ይዤ እወጣለሁ። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ ለቅሶ ላይ አይያዝም፣ ሟርት ነው ብላ እህትህ ተቆጥታኛለች። ትቆጣ። ዘመዶችህ ያንን ፊት አይተው ያልቅሱልህ። መልክህ ጨርሶ ቢጠፋብኝ እንኳ፣ ጌታቸው፣ አንተን ሳይ ምን እመስል እንደነበር አልረሳም።

ባለቤትህ