ለሙሴ ሮብሌ የጨመርኩት ምዕራፍ

ግንቦት 4፣ 1974

ሙቀት። ከምሳ በኋላ ከተማው ተኝቷል፤ ያልተኛው ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው። የቀበሌው ንባብ ቤት ሄድኩ። ዘበኛውን ካሂንን «ሊቀመንበሩ መጡ!» ብዬ ከእንቅልፉ አስነሳሁት። ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠ... በር ላይ ለቆመ ፍየል።

ውስጥ ሙሴ ሮብሌ ብቻ፤ «ሙሴ» የባቡር ሰዎች «አቶ» ነው። ከምድር ባቡር ጡረታ ሲወጡ መጻሕፍታቸውን በጋሪ አስጭነው ቤቱን የሞሉት እሳቸው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ከዳቸው።

«ሙሴ፣ ራሱን የሚያነብ መጽሐፍ የለም?»

«ናያ፣ አንቺ ዘርፈሽ፣ ራስሽ አለሽ አይደል? ቁጭ በይ አንብቢልኝ።»

እኔ! ሰባተኛ ክፍል ላይ የቀረሁት!

ግንቦት 9

ወፍራም ልብ ወለድ። እየተንተባተብኩ አነባለሁ። ያርሙኛል እንጂ አይቆጡም። ጓደኞቼ ጅቡቲ ከኮበለሉ ወዲህ ስሜን የሚጠራ እናቴና እሳቸው ብቻ።

ግንቦት 15

ልጃቸው ማርያን ከጅቡቲ መጣች። ልትወስዳቸው... «የጀመርኩትን ሳልጨርስ ባቡር አልሳፈርም» አሏት።

ከመጽሐፉ የቀረው ትንሽ ነው፤ ሲያልቅ ይሄዳሉ።

ግንቦት 17

ከራሴ ጨመርኩ። የልብ ወለዱ ሰውዬ ሊሞት ሲል ሐረር ላክሁት። እዚያ አገባ። አማቱ ነዘነዘችው። ሙሴ እየሳቁ «ቀጥዪ!» አሉኝ። አቦ፣ ለካ ደራሲ ነኝ!

ግንቦት 20

ሦስተኛ ሚስት ዳርኩለት። ስወጣ ማርያን በር ላይ ያዘችኝ። «ሐኪሙ፣ ሕክምናው ከዘገየ ዓይናቸው አይድንም ብሏል። በይ እህቴ፣ ቶሎ ጨርሺላቸው።»

ለሕክምና መሆኑን ማን ነገረኝ? ግን... ጠየቅሁ እንዴ?

ግንቦት 21

ካቋረጥኩበት ገጽ አነበብኩ። ሰውዬው ሞተ። አለቀ።

«ሚስቶቹስ?» አሉ ሙሴ።

«እነሱ... የኔ ናቸው።»

«አውቃለሁ። ይህን መጽሐፍ ድሮ አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«እዚያ ማን ያነብልኛል? ማርያን እንደሆነች ሥራ ላይ ናት።»

መጽሐፉን ዘጋሁት። «ይሂዱ ሙሴ» አልኩ። «ሲድኑ ለኔ ያነቡልኛል።»

ግንቦት 23

ለገሃር ሸኘኋቸው። ባቡሩ ሲነቃነቅ በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡ... ለብርቱካን ሻጯ። እኔ መስሏቸው ነው። አልጮህኩም። ሮጬ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

ሰኔ 2

ካሂን ከፈተልኝ። ማንም የለም። አዲስ መጽሐፍ አወጣሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ከራሴ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። የሚስቅ የለማ።