በግምገማ የዳነው የአያ ገብረሰንበት ወገብ

ለተከበሩ የወረዳችን የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎ፣ ጉልበትዎና አንገትዎ እንደምን ሰንብተዋል? በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለችው ቀበሌያችን ሕመም በእርስዎ ትእዛዝ ከቀረ ወዲህ፣ የሰውን አካል እየነጠሉ ጤና መጠየቅ እንደ ፀረ ልማት ሊያስቆጥር እንደሚችል አላጣሁትም፤ ነገር ግን ወሬ የማይቋጠርልኝ የመጽሔት ጸሐፊ ነኝና ይቅር ይበሉኝ። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሐኪም ቤት ሄደው «ምንም የለባችሁም» ተብለው የተመለሱትን፣ ግን ዓመት ከዓመት የሚያማቸውን ጎረቤቶቻችንን በአንድ ለአምስት ስላደራጁልን እናመሰግናለን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ያምሮት ሐሙስ ሐሙስ ከጤና ኬላው ሾላ ሥር ሰብስባ ታስተምራቸው የነበረው እኮ ተራ ነገር ነው፦ ጀሪካኑን በግማሽ መቅዳት፣ ሕመሙ ሳይበረታ አረፍ ማለት፣ ዛሬ እስከ አጥሩ ነገ እስከ ወንዙ መራመድ። ይባስ ብላ «ያመኛል» ሲሏት ታምናቸው ነበር! ከቤት መውጣት ተስኗት የነበረችው ጎረቤታችን እህተ ማርያም እንኳ በዚሁ ዘዴ ከስንት ጊዜ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመለሰች፤ ሰፈሩ ስለ አዲሱ ነጠላዋ ሲያወራ ሰነበተ።

ሁለተኛ፣ ለግምገማው። ወገብ ሲገመገም ያየነው በእርስዎ ዘመን ነው። ሕመሙን ያልቀነሰ ማን እንደሆነ በጠየቁ ጊዜ ጎረቤቴ አያ ገብረሰንበት ሾላውን ተደግፈው ተነሡና፣ ሕመማቸውን በሚገባ ባለመታገላቸው ግለ ሂስ አደረጉ። እርስዎ ግን ከመዝገብዎ ቀና ብለው ሲያዩአቸው ጊዜ «ደኅና ነኝ፣ ተሽሎኛል» አሉ። ተጨበጨበ። ሐሙስም በዚያው ተዘጋ፤ ያምሮትም ወደ ሌላ ስብሰባ ተዛወረች።

ሦስተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። አያ ገብረሰንበት በአጥሬ ሥር ሲያልፉ «እህ» ይሉ ነበር፤ ያ ድምፅ ጠፋ። ድነዋል ብለን ደስ አለን። ለካስ ከቡሬ ገበያ የማስታገሻ ክኒን እየገዙ፣ ከባለቤታቸው ተደብቀው፣ በባዶ ሆድ ይውጡ ኖሯል። ደም አስታወኩ፤ በቃሬዛ ሲወሰዱ ፍኖተ ሰላም ሳይደርሱ አረፉ። ከዚያ ወዲህ ከብት ሲገባ ከአጥሬ ማዶ ያ «እህ» ይሰማኛል። ነፋስ ነው እላለሁ። ነፋስ በሌለበትም ቀን ነፋስ ነው እላለሁ።

የእህተ ማርያምም በር ተዘግቷል። ሳንኳኳ ከውስጥ «ደኅና ነኝ፣ ተሽሎኛል» ትለኛለች። ቃሉ የአያ ገብረሰንበት ነው፤ ድምፁም የእርሳቸውን እየመሰለ ሄዷል። ስለዚህ ከታላቅ ትሕትና ጋር የምለምንዎ፣ ይህች ሴት ሳታመልጠን ለያምሮት ሐሙሷን እንዲመልሱላት ነው።

ወገቤ እስከፈቀደልኝ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤
መስከረም፣ የአያ ገብረሰንበት የአጥር ጎረቤት

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሐሙስ ከሾላው ሥር፣ አያ ገብረሰንበት ይቀመጡበት በነበረው ድንጋይ ላይ፣ አንዲት እናት ጉልበታቸውን ታቅፈው ያምሮትን ሲጠብቁ አገኘሁ። ቤት ውስጥ ጥርሳቸውን ነክሰው እንደሚውሉ፣ ካቃሰቱ ልጃቸው እንደሚገመግማቸው ነገሩኝና ለማንም እንዳልናገር ለመኑኝ። ወሬ እንደማይቋጠርልኝ ግን አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ፤ ወላጅ እናትዎ ናቸው። ዛሬ ቤትዎ ሲገቡ እንዴት እንደዋሉ ይጠይቋቸው። «ደኅና ነኝ፣ ተሽሎኛል» ካሉዎት፣ ያን ጊዜ ይፍሩ።