የባለቤቴን ነጻነት አሥራ ሁለት ቀን በአደራ ላስቀመጡልኝ የመዝገብ ቤት ኃላፊ

ለተከበሩ የመዝገብ ቤት ኃላፊ
በኢስት ራንድ ካሉት የወረዳ ፍርድ ቤቶች በአንዱ፤ በየትኛው እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን

ጀርሚስተን፣ ጁላይ 1 ቀን 2021

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና ከመስኮቱ ኋላ የሚቀመጡትን ባልደረቦችዎን ሁሉ አላህ ከዚህ ክፉ በሽታ ይጠብቅልኝ። ምኞቴ ከልብ ነው፤ ከእናንተ አንዱ ባሳለ ቁጥር መሥሪያ ቤቱ ለመድኃኒት ርጭት እንደሚዘጋ በሩ ላይ ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝና ጤናችሁን ከእኔ አብልጦ የሚመኝ አይገኝም።

ስሜ ጦይባ ይባላል። ጀርሚስተን መሃል ከተማ ከባለቤቴ ከሸረፈዲን ተማም ጋር ብርድ ልብስና መጋረጃ እንሸጣለን። የባለቤቴ አባት አባባ ተማምም ከሦስት ዓመት በፊት ከአገር ቤት፣ ከስልጤ መጥተው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልዎ እንዲያውቁን ብዬ ነው እንጂ ስማችን በመሥሪያ ቤትዎ ጠፍቶ አያውቅም። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በ2019 ነው። ፖሊሶች ሱቃችንን ሊፈትሹ ገቡ፤ ሸረፈዲን «የፍተሻ ወረቀት ይኖራችሁ ይሆን?» ብሎ በትሕትና ጠየቀ። በዚህ ጥያቄው የፖሊስ ሥራ አደናቅፈሃል ተብሎ ተከሰሰ። ስምንት ወር ተመላለሰና በፌብሩዋሪ 2020 ዳኛዋ ምስክሮቹን ሰምተው «ጥፋት አላገኘሁብህም፣ ነጻ ነህ፣ ሂድ» አሉት። እሱም ከደስታው ብዛት የቀጠሮ ወረቀቱን እዚያው በር ላይ ቀዶ ጣለው። ነጻ መውጣቱን የሚገልጽ ወረቀት ስጡኝ ማለት ነበረበት የሚሉ ይኖራሉ። ክቡር ሆይ፣ ያ ሰው ስምንት ወር የተመላለሰው ወረቀት በመጠየቁ ነው፤ ሁለተኛ ሊጠይቅ ይደፍር ኖሯል?

ከወር በኋላ አገሩ ሁሉ ተዘጋ። እኛም እንደ ሰው ሁሉ በራችንን ዘግተን ተቀመጥን፤ ክሱንም ረሳነው።

ባለፈው ጁን 9፣ ረቡዕ ዕለት፣ አባባ ትንፋሽ አጠራቸው። ሸረፈዲን መኪናው ውስጥ አስደግፎ ሆስፒታል አደረሳቸው፤ ኦክሲጅን ተደረገላቸው፤ እሱ ግን ወደ ውስጥ መግባት ስላልተፈቀደለት ከበር ተመለሰ። ወደ ቤት ሲመጣ መንገድ ላይ ፖሊሶች አስቁመው መታወቂያውን ኮምፒውተር ላይ አዩ። በኦክቶበር 2020 ፍርድ ቤት ተጠርቶ ያልቀረበ፣ የመያዣ ትእዛዝ የወጣበት ሰው ሆኖ ተገኘ። ስልክ ደውሎ የነገረኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ጦይባ፣ አባባ ሲነቁ ማንም ሰው አጠገባቸው የለም።»

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥር ከሌለው ነገር ጋር እንደማትስማሙ ስለተማርኩ ነው።

አንደኛ። ሐሙስ ጠዋት ሲነጋጋ በርዎ ላይ ነበርኩ። በአንድ ሠራተኛ ላይ በሽታው ስለተገኘ ቢሮው ተዘግቷል የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰው ታሞ መዝጋታችሁን አልነቅፍም። ነገር ግን ወረቀቱ የተለጠፈው ከግቢው በር በስተውስጥ፣ ከሩቅ ነበርና ፊደሉን ለማንበብ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አንስቼ ማጉላት ነበረብኝ። በኋላ እንደተረዳሁት የባለቤቴ የ2020 ቀጠሮዎችም የተለዋወጡት እዚያችው ቦታ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ከቤታችሁ አትውጡ በተባልንበት ወራት ወጥቶ ባለማንበቡ በእሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ። ዓርብ ዕለት ባለቤቴ ለችሎት ቀረበና ለሳምንት ተቀጠረ። መንግሥት የመደበለት ጠበቃ «ነጻ የተባለበትን ፋይል አምጪልኝና ዛሬውኑ አስፈታዋለሁ» አለኝ። ወደ መስኮትዎ ሄድኩ። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ጸሐፊዎ ቀና ሳትል «የመዝገብ ቁጥር?» አለች። ወረቀቱ እንደጠፋ፣ ስሙን ግን ልሰጣት እንደምችል ነገርኳት። «ሲስ፣ በስም አንፈልግም። ቁጥር ከሌለ ፋይል የለም።» ቁጥሩ የት ይገኛል ብዬ ጠየቅኋት። «ፋይሉ ላይ ተጽፏል» አለችኝ። አላሾፈችብኝም፤ ከልቧ ልትረዳኝ ነበር። ይህ ደግሞ ከሹፈት ይብሳል።

ሦስተኛ። ሰኞ ዕለት አንዲት ሌላ ሠራተኛ አዝናልኝ፣ የ2019 ክሶች በስም ተራ የተጻፉበት ትልቅ መዝገብ ምድር ቤት እንዳለ ሹክ አለችኝ። ደስ ብሎኝ ላየው ጠየቅሁ። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው፣ ሰውየው ቤቱ ራሱን ለይቶ ተቀምጧል፣ ሌላ ቁልፍ የለም። አንድ መንግሥት ሙሉ ሕንፃ ሠርቶ አንድ ቁልፍ ብቻ ማሠራቱ የሚያስመሰግን ቁጠባ ነው። ያን ዕለት ከሆስፒታል ተደወለልኝ፤ አባባ ኦክሲጅን ጭንብሉን እያነሱ «ሸረፈዲን የት ሄደ?» እያሉ እንደሚጠይቁ ነርሷ ነገረችኝ። ሥራ በዝቶበት ነው በይልኝ አልኳት። በሕይወቴ ለአባባ የዋሸሁት ያኔ ብቻ ነው፤ የመጨረሻዬም ሆነ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አረፉ።

የእኛ ሃይማኖት የሞተ ሰው ቶሎ እንዲቀበር ያዛል፤ ሆስፒታሉም በዚያ ሰሞን አስከሬን ማቆየት አይችልም ነበር። እኔ ግን ከሆስፒታል ይልቅ ወደ እናንተ ሮጥኩ። ዐቃቤ ሕጉን ኮሪደር ላይ አገኘሁትና፣ ባለቤቴ በፖሊስ ታጅቦ ለሁለት ሰዓት ብቻ አባቱን ቀብሮ እንዲመለስ ለመንኩት። ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ማስኩን ዝቅ አድርጎ «ማማ፣ በጣም አዝናለሁ። ምን እንደሠራ የሚያሳየኝ ፋይል ሳላይ ምኑ ላይ ልፈርም?» አለኝ። ወደ መስኮትዎ ተመለስኩ። ቁጥር ተጠየቅሁ።

አባባን የቀበሯቸው ጎረቤታችን ሚስባህና ከገበያው የተሰበሰቡ ሰባት ወንዶች ናቸው። አላህ ይስጣቸው፣ እንደ አባታቸው ቀበሯቸው። የሆስፒታሉ ሰዎች የጠቀለሉበትን ፕላስቲክ መፍታት ስላልተፈቀደ አላጠቧቸውም፤ በላዩ ላይ ከፈን ደርበው ሰገዱባቸው። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ ከሩቅ አየሁ።

በማግስቱ የበዓል ቀን ነበርና ዝግ ነበራችሁ። ዓርብ ባለቤቴ እንደገና ለችሎት ቀረበ። ኮሪደሩ ላይ በካቴና ሲያሳልፉት አጠገቡ እንድቆም አንድ ፖሊስ ፈቀደልኝ። ፊቴን እንዳየ ገባው። አላለቀሰም።

«መቼ?» አለኝ።

«ማክሰኞ።»

«ማን አወረዳቸው?»

«ሚስባህ ነው፣ ጉድጓድ የወረደው።»

«በቀኝ ጎናቸው አስተኟቸው? ወደ ቂብላ?» አለ። አዎ አልኩት። ክቡር ሆይ፣ ከመኪናው ውስጥ ይህ አይታይም ነበር። ቢሆንም አዎ አልኩት፤ ከዚያ ሮጬ ወጥቼ ሚስባህን በስልክ ጠየቅሁትና እውነት መሆኑን ሲነግረኝ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ።

እዚያ ቁጭ ባልኩበት ያገኘኝ ሽጉጤ የሚባል ሰው ነው። በፍርድ ቤቱ አማርኛና ሀዲይኛ የሚያስተረጉም ረጋ ያለ ሰው ነው። «ባለቤትሽን አውቀዋለሁ፤ ነጻ ነህ የሚለውን ቃል በአማርኛ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለኝ። ያስተረጎመበትን እያንዳንዱን ክስ ከነቀኑና ከነቁጥሩ በግል ደብተሩ ይጽፋል፤ ደብተሩ ቤቱ ነበርና ቅዳሜ ፈልጎ ቁጥሩን በስልክ ላከልኝ። በግል ደብተሩ መዝገብ የያዘ አንድ አስተርጓሚ ስላላችሁ እንኳን ደስ አላችሁ፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከዚህ የተሻለ መዝገብ ቤት አላየሁም።

አራተኛውና ዋናው ቅሬታዬ ይህ ነው። ሰኞ ጁን 21 ቁጥሩን ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። ከወንበሯ ሳትነሣ ዞር ብላ፣ ከጀርባዋ ካለው መደርደሪያ ፋይሉን አወጣች። አራት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ፋይሎች ነበሩ፤ በአንድ ክር ታስረዋል። በአንደኛው ላይ «ሸረፈዲን ተማም» ይላል፤ ነጻ ተለቅቋል። በሁለተኛው «ተማም ሸረፈዲን» ይላል፤ ያው ቀን፣ ያው ሱቅ፣ ያው ፖሊስ፣ ያው ክስ፤ አልቀረበምና ይያዝ። እኛ በአባታችን ስም እንጠራለን እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የትኛው እንደሚቀድም ግራ መጋባታችሁን እረዳለሁ፣ ብዙዎች ይጋባሉ። የማልረዳው ክሩን ነው። ሁለቱን ፋይሎች አንድ ላይ ያሰረው እጅ የአንድ ሰው መሆናቸውን አውቆ ነበር። አውቆ አሰረና፣ ወደ መደርደሪያው መልሶ፣ ሻዩን ሊጠጣ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ተፈታ። ዳኛው ሁለቱንም ፋይል አገላብጠው ትእዛዙን ሰረዙና «ስለተፈጠረው መጉላላት እናዝናለን» አሉ። ሸረፈዲን ወደ ቤት አልሄደም። በቀጥታ ወደ መቃብሩ ወሰድኩት። የመቃብሩ ዘበኛ ሊዘጋ ነበርና ቆሞ ጠበቀን። ባለቤቴ አፈሩ ላይ ተንበርክኮ ለአባቱ ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ስልጢኛ ነው፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነበር፤ የሰማሁት «አልተውኩዎትም» የሚለውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ስለ ትዕግሥትዎ እያመሰገንኩ ሦስት ነገር በትሕትና እለምናለሁ። ባለቤቴ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠን፤ ዛሬ አሥረኛ ቀናችን ነው፣ ማኅተሙ ያለው ሰው የለም ተብለናል። ሰው በስሙም መዝገብ መፈለግ ይፈቀድለት። ያንን ክር ያሰረው ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ ይነገረኝ። ልከሰው አይደለም። ቤታችን መጥቶ አልጋው ላይ እንዳለ የተነጠፈውን የአባባን ጋቢ እንዲያይልኝ ብቻ ነው።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ከዚያም በላይ ሁለተኛ ቁልፍ እየተመኘሁልዎ፣

ደጅዎን ጠንታ የማትሰለች፣ ከመስታወትዎ ማዶ የቆመች ታዛዥዎ፣
ጦይባ
የሸረፈዲን ተማም ባለቤት፤ የተማም ሸረፈዲንም

ማስታወሻ፦ የእኔ ነገር ከተሰማ ወዲህ ቁጥራቸው የጠፋባቸው ሰዎች ከቴምቢሳም ከክሊፕታውንም ወደ ሱቃችን ይመጣሉ። ከሽጉጤ ጋር ሆነን እስካሁን የሰባቱን አግኝተናል፤ የፊታችን ሰኞ ሁላችንም ማስክ አድርገን፣ በተፈቀደው ርቀት ተራ ይዘን መስኮትዎ ላይ እንሰለፋለን። ከፊት የምትቆመው ኤርጎጌ ትባላለች፤ ባሏ ከታሰረ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የሚቀበር አባት የላትምና ብዙም አትቸኩልም ብለው ያስቡ ይሆናል፤ እሱ ልክ ነው። የምቸኩለው እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ቀን ምን እንደሚወስድ አውቃለሁና።