ሴኡል ላይ ፊደል ስናስቆጥር

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ ወንድሜ ለጋሼ ኤዶሳ፣

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ እንዴት ሆነልዎ? የእትዬ ለሊሴስ ጉልበት ተሻላቸው? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ የጓሮው ቡና ሁሉ ደኅና ነው? እኔና ባለቤቴ ረጋሳ ጌታ ይመስገን፣ በረዶው የሰፈራችንን የፊሊፕስን መንገድ ቢደፍነውም ቤታችን ሞቆ፣ ጤናችን ተሟልቶ አለን።

በሐምሌ በጻፉልኝ ደብዳቤ «ሰው ሲያረጅ ይጦራል እንጂ ይላካል ወይ? ስልሳ ዓመት ካለፋችሁ በኋላ ሚሲዮናዊ ሆናችሁ እስያ ድረስ ምን ያንከራትታችኋል?» ብለውኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር መልሱን ሳልጽፍልዎ ነው የተነሣነው። አሁን ግን ሄደን፣ ሠርተን ተመልሰናልና ልቤ ሞልቶ እጽፍልዎታለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ኮሎምቢያ ሃይትስ ካለችው ቤተ ክርስቲያናችን ነው። ሕንፃውን ከኮሪያውያን ጋር እንጋራለን፤ እነሱ ጠዋት ያመልካሉ፣ እኛ ከሰዓት። ሴኡል ያለችው እናት ቤተ ክርስቲያናቸው ስድስት ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ ልትልክ አስባ አማርኛ የሚያስተምራቸው ሰው አጣች። መጋቢያቸው ረጋሳን ሲጠይቀው እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር። እርስዎ እንደሚያውቁት በሃያ ዓመቱ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል፤ እዚያ ስላየው ነገር ግን ለእኔ እንኳ ብዙ አይነግረኝም። ሦስት ቀን አስቦ፣ «እሄዳለሁ። ወታደር እንደነበርኩ ግን ለማንም እንዳትነግሪ። ለጠመንጃዬ ብለው ሳይሆን ለፊደሌ ብለው ይቀበሉኝ» አለኝ። ቃል ገባሁለት። ልጃችን ሩት ድራይቭ አድርጋ ኤርፖርት ስታደርሰን፣ «ዳዲ፣ ሪታየር ያደረግከው እኮ ልታርፍ ነው» ብትለው፣ «ሳርፍማ የነበረው ሆስፒታል ስጠርግ ነው፤ ሥራው ገና አሁን መጣ» አላት።

ጋሼ፣ የከተማዋን ነገር ከየት ልጀምርልዎ? ፎቆቹ እንደ ባሕር ዛፍ ተጠጋግተው ቆመዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ጎናቸው ላይ ትልልቅ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። በሁለተኛው ቀን ዳቦ ልገዛ ወጥቼ የሕንፃችንን ቁጥር ረሳሁትና የማላውቀውን ሰው በር አንኳኳሁ። አንዲት ሴትዮ ጫማዬን አስወልቀው አስገቡኝ፤ ሻይ አጠጥተው፣ በስልክ አፈላልገው፣ እጄን ይዘው ቤቴ አደረሱኝ። ባቡሩ ከመሬት በታች ይከንፋል፤ ገና ስንገባ ወጣቶቹ ከመቀመጫቸው ይነሡልናል። ጎህ ሳይቀድ ሕዝቡ ከሥራ በፊት ለጸሎት ቤተ ክርስቲያኑን ይሞላዋል። ረጋሳ ጎመናቸው ላይ ያለውን በርበሬ ቀምሶ «እነዚህስ ዘመድ ናቸው» አለ።

በመጀመሪያው ሳምንት ወንዛቸውን ሊያሳዩን ወሰዱን። ረጋሳ የድልድዩን ብረት ይዞ ቆመ። ሰዎቹ ትንሽ ራቅ ሲሉልን፣ «እዚህ ጋ ጀልባ ላይ በተነጠፈ ሳንቃ ነው የተሻገርነው። ማዶ የቆመ ግድግዳ አልነበረም። ሴቶች ከፍርስራሹ ጡብ እየለቀሙ ይደረድሩ ነበር፤ አይቼ ሞኞች ናቸው ብዬ ነበር» አለኝ። ከዚያ ድልድዮቹን መቁጠር ጀመረ። የቀሩትን ጭጋግ ሸፈነበትና ተወው። «ሲምቦ፣ እነዚያ ሴቶች ይህን ሠሩ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትከሻው ቀና ብሎ ከረመ።

ማስተማሩ ግን አቀበት ነበር። «ፍ» የሚባል ድምፅ በቋንቋቸው የለም፤ «ር» እና «ል»ም ይምታታባቸዋል። «ፍቅር» በሉ ስንላቸው «ፕቅል» ይሉናል። ረጋሳ ስስ ወረቀት ከከንፈራቸው ፊት እያስያዘ «ተ» ሲሉ እንዲርገበገብ፣ «ጠ» ሲሉ ጸጥ እንዲል ቀኑን ሙሉ ያለማምዳቸዋል። ከስድስቱ ወደ ኋላ የምትቀረው ሱን ኦክ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ሌሎቹ ሄደው እሷ ወረቀቷን ይዛ ትቀራለች።

በሁለተኛው ወር ፓክ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌ ተቃወሙን። «ለኢትዮጵያ እንግሊዝኛ ይበቃል። እነዚህ አዛውንቶች ይረፉ፣ ከተማችንን ይጎብኙ» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያዘኑልን መስሏቸው ነው። ነገሩ አከራክሮ አከራክሮ፣ ተማሪዎቹ በኅዳር መጨረሻ በሽማግሌዎች ፊት እንዲፈተኑ፣ ከወደቁም ትምህርቱ እንዲዘጋ ተወሰነ። እኔ የእርስዎ ደብዳቤ ትዝ እያለኝ እህል አልወርድ አለኝ።

ቀኑ ደረሰ። አምስቱ አነበቡ፣ ተናገሩ፣ ደኅና ሆኑ። የሱን ኦክ ተራ ሲደርስ ሽማግሌ ፓክ የተጠና ነገር አንሰማም አሉ፤ «አስተማሪዋ ራሳቸው በሽተኛ ይሁኑ፤ ያልተጻፈ ይናገሩ።» ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ከገጠር እንደመጣች እናት፣ «ልጄ፣ ምች መታኝ መሰለኝ፤ ራሴን ይወቅረኛል፣ አፌንም መረረኝ» አልኳት። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ከዚያ መዳፏን ግንባሬ ላይ አድርጋ፣ «አይዞዎት እናቴ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ፀሐይ ላይ ውለው ነበር?» አለችኝ። ጋሼ፣ ምች የሚለውን ቃል አንድ ቀን ጨዋታ ላይ ነው የሰማችው፤ ጥያቄውን ማንም አላስተማራትም፤ ከራሷ አፍልቃ ነው የጠየቀችኝ። ሽማግሌ ፓክ ትርጉሙን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ይህንን በእንግሊዝኛ ማን ይነግራት ነበር?» አሉ። ስድስቱም አለፉ።

ቀጥለው ሽማግሌው ረጋሳን፣ በዚህ ዕድሜው ለማያውቀው አገር ሰው እንዲህ የደከመው ለምን እንደሆነ ጠየቁት። ረጋሳ አቀረቀረ። እኔ ምላሴን መግታት አቃተኝ። «ያውቀዋል። ከአርባ ሦስት ዓመት በፊት ጠመንጃ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ከኢትዮጵያ» አልኩ። ሲተረጎም ሽማግሌ ፓክ ተነሡ። ከኋላቸው አሮጊቶቹ ተነሡ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ያጨበጨበ ሰው የለም። ሽማግሌው እስከ ወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት፤ ሕዝቡም ተከተላቸው። ረጋሳ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ቆየና እሱም ጎንበስ አለ።

በባቡሩ ላይ ሦስት ፌርማታ ሙሉ አኮረፈኝ። «ቃልሽን አፈረስሽ» አለ። «የተናገርኩት ፊደልህ ካለፈ በኋላ ነው» ስለው ሰው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ዘመን ሲያወራኝ ውሎ ያመሻል።

በሚያዝያ ተመልሰን እንድናስተምር ጠርተውናል፤ አሥራ አራት ሰው ተመዝግቧል። እሺ ብለናል።

አሁን የምለምንዎት ነገር አለ። ሱን ኦክ በየካቲት ነቀምት ሆስፒታል ልትሠራ ትመጣለች። ቤት እስክታገኝ እናንተ ዘንድ ትረፍ። «ፕቅል» ስትል ልጆቹ አይሳቁባት፤ ሲያርሟት ግን ደስ ይላታል። አማርኛውን እኛ አስጀምረናታል። ኦሮምኛውን፣ አርባ ዓመት ሲያስተምሩ የኖሩት እርስዎ ነዎትና፣ ለእርስዎ ትተነዋል።

እትዬ ለሊሴን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ ለእንግዳዋ በርበሬ አይቀንሱባት። ልጆቹን በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። ለጎረቤታችሁ ለአቶ ባድሩና ለባለቤታቸው ለዙለይሃ አክብሮቴን ይንገሩልኝ። ረጋሳ እጅ ነሥቷል፤ ሩትም አጎቷን ሳሙልኝ ብላለች።

ታናሽ እህትዎ ሲምቦ
ሚኒያፖሊስ፣ ጥር 4 ቀን 1989 ዓ.ም.