ቶርኖው በአቋራጭ አይታረስም

ኅዳር 24

ዛሬም የብረት ፍቅፋቂ ስጠርግ ዋልሁ። መሠረተ ትምህርትን በምስክር ወረቀት የጨረሰ ሰው መጥረጊያ ይዞ... አገር እንዲህ ነው ሰው የምታባክነው። በዚህ ጋራዥ የእኔን ያህል የሚጽፍ ማን አለ? ኃላፊያችን ጓድ ተስፋው? እሱ የሚጽፈው ፊርማውን ብቻ ነው።

የብረት መቅረጫ ማሽኑን፣ ቶርኖውን፣ የያዙት ጋሽ ሰላሕ ከገና በኋላ ወልድያ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። ማሽኑ ለማን ይቅር? ይህም ጥያቄ ሆኖ...

ኅዳር 27

ጥያቄ ሆነ። የቀበሌው የሞተር ወፍጮ ቆሟል። የዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ጥርስ ተበልቶ የሚጠብቅበትን ዳዶ አልይዝ አለ። አዲስ ጥርስ ይውጣለት ተባለ። ጓድ ተስፋው በጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «ደሴ ይሞክር። ካወጣው ማሽኑ የሱ፤ ካበላሸው መጥረጊያው የሱ።»

ጋሽ ሰላሕ ጺማቸውን አሻሹ። «ማሽኑ እንዴት እንደሚራመድ ታውቃለህ?»

«ጋሽ ሰላሕ፣ በሬ ሳራምድ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ እርስዎ ደግሞ...»

ቤት ገብቼ ለጥሩሐረግ ነገርኋት። የእጅ ወፍጮ ላይ ተደፍታ ማሽላ ትፈጫለች። ቀና እንኳ አላለችም።

«ለገና ከዚህ ድንጋይ እገላገላለሁ በለኛ።»

«ምን ጥርጥር አለው።»

«ምነው አፍህ ፈጭቶልኝ ቢሆን።»

ሚስቴ ናት። ምን ላድርግ።

ታኅሣሥ 2

ጋሽ ሰላሕ አሳዩኝ። ቀላል ነገር። የታሰረው ብረት ይዞራል፤ በግራ በኩል ያሉት ማርሾች ዙሩን ተቀብለው ረጅሙን ዘንግ ያዞራሉ፤ ዘንጉ ስለቱን የተሸከመውን ጋሪ ይጎትታል። ሰው እጁን አጣጥፎ ያያል። ዘንጉ ሁለት ነው። ልሙጡ ለማለስለስ፣ ብሎን የመሰለው ደግሞ ጥርስ ለማውጣት። ብሎኑን ለሁለት የተከፈለ ዳዶ ይነክሰዋል። እጀታውን ስትጫን ይነክሳል፣ ስታነሣ ይለቃል።

«ከመንከስህ በፊት ያችን ሰዓት የመሰለችውን...» ብለው ጀመሩ።

«ገባኝ» አልሁ። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁለቴ አይነገረውም።

ታኅሣሥ 5

ገባኝ ብዬ ነበር?

ጥርስ በአንድ ጉዞ አይወጣም፤ በወፍጮው ዘንግ ላይ የመጀመሪያው አማረ። ትልሙ ቀጥ ያለ። ዳዶውን ለቅቄ ጋሪውን መለስሁና ለሁለተኛው አሰብሁ። ማሰቤ ነው ያጠፋኝ። ገምሶ ያበቃ ሰው በዚያው ትልም ይደግማል? እንዲያ የሚያርስ ሰነፍ ነው። ድግም በአቋራጭ፣ የፊተኛውን ትልም እያቋረጡ ነው፤ አባቴም፣ የዋግ ገበሬ ሁሉም። ስለዚህ ሆን ብዬ፣ ሰዓቷ መጀመሪያ ከነከስሁበት ምልክት ስታልፍ ጠብቄ ነከስሁ። ስለቱ በሁለት ትልም መሀል ገብቶ ጥርሱን ዱቄት አደረገው። ወፍጮው ባይፈጭ እኔ ፈጨሁ።

በአፍ መፍቻዬ በኸምጣንጋ ተሳደብሁ። ቶርኖው አማርኛም አይሰማ።

ጋሽ ሰላሕ የወፍጮውን ዘንግ አገላብጠው አዩት።

«በአቋራጭ አረስኸው?»

«አዎ።»

«ምን ልትዘራበት ነው?»

ታኅሣሥ 6

ለጥሩሐረግ አልነገርኋትም። ጎረቤት ነገራት። ድንጋዩን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ፈጨች።

ጓድ ተስፋው ለስብሰባ ሄዷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ ጠቀመኝ።

ታኅሣሥ 9

ጋሽ ሰላሕ የተበላሸውን በብየዳ ሞሉልኝ። «አንዴ ነው። ሌላ እሳት ብረቱ አይችልም።»

በልሙጡ ዘንግ እያስኬድሁ ማለስለስ ጀመርሁ። ዙሩን ቀነስሁት፤ ብረቱ ዘገየ፣ ጋሪውም ዘገየ። ጨመርሁት፤ ሁለቱም ፈጠኑ። ስለቱ ብረቱ ላይ የተወው ጭረት ግን ያው ነው፤ አልሰፋም፣ አልጠበበም። ለካ ጋሪው የራሱ ጉዞ የለውም። ብረቱ አንድ ዙር፣ እሱ አንድ እርምጃ። ቢቸኩልም ቢያዘግምም እንደ ጥማድ በሬ ታስረዋል። ሰዓቷስ? ትልሙ ስለቱ ፊት ሲደርስ የምትጠቁም እሷ ናት...

ጋሽ ሰላሕ ዘንድ ሄድሁ። «የዚያን ቀን ሳላስጨርስዎት የቀረው ነገር ምን ነበር?»

ትንሽ አዩኝ። «ተቀመጥ» አሉ። እስኪጨርሱ ዝም አልሁ። ከባድ ሥራ ነው፣ ዝም ማለት።

ታኅሣሥ 14

ሰዓቷ ምልክቱ ላይ ስትደርስ ነከስሁ። ደገምሁ። አሠለስሁ። ሁሉም በዚያው ትልም። አባቴ ቢያየኝ ሰነፍ ይለኝ ነበር።

ዳዶው ገባ።

ታኅሣሥ 27

ወፍጮው ሲጮኽ እዚህ ድረስ ይሰማል። ማን ሠራው ይላሉ። «ጋሽ ሰላሕ» እላለሁ... ትንሽ እኔም።

ማሽኑን አስረከቡኝ። መጥረጊያውንም። ለካ ፍቅፋቂውን የሚጠርግ ሌላ ሰው የለም።

ጥሩሐረግ የእጅ ወፍጮዋን አስወጥታ ደጃፍ ላይ ጥላዋለች። «በል ተቀመጥበት። ከእንግዲህ እኔ የለሁበትም።»

ተቀምጬበት ነው የምጽፈው። ይቆረቁራል። ይህን ያህል ዘመን ተደፍታበት ኖራ፣ ድንጋዩን ትታ እኔን ብቻ ነበር የምትናገረው?