ካልተከፈተ ክፍል ስለ መቅረት

ለተከበሩ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ትምህርት ክፍል የዶክትሬት ፕሮግራም አስተባባሪ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ። የወገብዎ ሕመም ቀለል እንዳለልዎ፣ አዲሱ የቢሮ ወንበርዎም እንደተስማማዎ ከልቤ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከኀፍረት በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። እርስዎም የእኔን ጉዳይ በግቢው ዋና በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ታክሲ የሚጠብቅ ሁሉ ቆሞ እንዲያነበው አድርገው ስለለጠፉልኝ፣ ውለታዎን ለመመለስ ያህል ነው። «በመቅረታቸው ምክንያት ከፕሮግራሙ እንዲሰናበቱ የተወሰነባቸው የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች» ከሚለው ርዕስ ሥር ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ብቻዬን ሆኜ ሳለ «ተማሪዎች» ብለው በብዙ ቁጥር ስላከበሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በእኛ ትምህርት ክፍል አንድ የዶክትሬት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ከመጀመሩ በፊት የተመደቡለትን ኮርሶች ሁሉ ማለፍ፣ ከዚያም የምርምር ሥልጠና የሚባለውን መውሰድ ግዴታው ነው። ኮርሶቹን አለፍኩ። ኢኮኖሜትሪክሱን በእንባ፣ የፋይናንስ ንድፈ ሐሳቡን በንዴት፣ የምርምር ፍልስፍናውን ደግሞ በምን እንዳለፍኩት ዛሬም አላውቅም። ሥልጠናው ግን ተመዝጋቢዋ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ለአንድ ሰው አይከፈትም ተባለ፤ በቀጣዩም ሴሚስተር የሚሰጡት ፕሮፌሰር ረፍት ስለወጡ አልተከፈተም። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ናትና፣ በሁለቱም ሴሚስተር ከሥልጠናው ስም ትይዩ «ቀሪ» ብላ ጻፈች። ገና የሚቀራት ኮርስ ነው ማለቷ ነበር። ፋይሉ እርስዎ ወደሚመሩት ኮሚቴ ሲደርስ ኮሚቴው ይህችኑ ቃል እንደ ስም መጥሪያ አነበባት፤ ተጠርታ ያልተገኘች፣ ሳትመጣ የቀረች። ሁለት ሴሚስተር በተከታታይ የቀረ ተማሪ ይሰናበታል ይላል ደንቡ። እነሆ ተሰናበትኩ።

ከዚህ በመነሳት የሚከተሉትን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከኮሚቴው አባላት መካከል «ቀሪ ሂሳብ» የሚለውን ቃል ሳያስተምር፣ ሳይጽፍ ወይም ሳያርም ውሎ የሚገባ አንድም ሰው የለም። የሁላችሁም እንጀራ በዚህች ቃል ላይ ነው። ተሰብስባችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ተመካክራችሁ፣ «ቀሪ» ማለት የተረፈ፣ ያልተነካ፣ ወደፊት የሚሠራበት ማለትም ሊሆን ይችላል የሚል ሰው ከመካከላችሁ መጥፋቱ ጥልቅ ጥናት የሚገባው ነገር ነው። በዚህ አነባበብ ከቀጠላችሁ ባንክ ያለው ቀሪ ሂሳብዎም በሥራ ገበታው ላይ አልተገኘም ተብሎ እንዳይሰናበትብዎ ሰግቻለሁ።

ሁለተኛ፤ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ስልክዎን እንኳ ሳይዘጉ ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ። ቃሉ ግልጽ ነው፣ ሬጅስትራር ካላረመው እኛ ምን እናድርግ አሉኝ። ሄድኩ። ሠራተኛዋ ፋይሉን ገልጣ፣ ደጋግማ አይታ፣ ታዲያ ምኑን ላርመው፣ ቀሪ አይደለም እንዴ አለችኝ። ተመልሼ ስነግርዎ ደግሞ ክፍሉ ባይከፈትም መጥቶ መጠየቅ የተማሪ ፋንታ ነው ብለው መከሩኝ። እርስዎም ልክ ነዎት፣ እሷም ልክ ናት። ማንም ባልተሳሳተበት ነገር የምባረረው እኔ መሆኔ ብቻ ነው ትንሽ ግር ያለኝ።

ሦስተኛ፤ ይሄኛው አቤቱታ ላይባል ይችላል፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት ግን ለእሱ ስል ነው።

እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ባለቤቴ ሥራው ሌላ ከተማ ስለሆነ፣ የማታ ኮርስ ባለኝ ጊዜ ሁሉ መንታ ልጆቼን የምታበላው፣ የምታጥበው፣ የምታስተኛው እሷ ነበረች። ጉልበቷን እያመማት፣ አንድ ቀን ደከመኝ ሳትል። ከትምህርት ቤት ስታመጣቸውም በግቢው ዋና በር በኩል ታልፋለች። የእኔ እናት ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፣ የመድኃኒት ወረቀት አይቀራትም። ማስታወቂያው የተለጠፈ ዕለት ማታ ልጆቹ በልተው ከተነሱ በኋላ ሳህኖቹን ደራርባ፣ እጇን አድርቃ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦ ልጄ፣ ያን ሁሉ ምሽት ታዲያ የት ነበርሽ?

ክቡር ሆይ፣ ልጆች ወልጄ፣ ሽበት አብቅዬ ይህን ጥያቄ የምጠየቅ አልመሰለኝም ነበር። ባሏ ሩቅ ያለ ሴት ማታ ማታ ትምህርት ላይ ነኝ እያለች ትምህርት ላይ ካልነበረች፣ ጥያቄው ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለእርስዎ ማብራራት አያሻኝም። እሷም ገብቷታል፣ እኔም ገብቶኛል። ምንም ሳላጠፋ ፊቴ እሳት ሆነ። ስለ ሬጅስትራር፣ ስለ ኮሚቴው፣ ስለ ቃሉ ሁለት ትርጉም አስረዳት ጀመር፤ ባስረዳሁ ቁጥር ለራሴም የምዋሽ መሰለኝ። በመጨረሻ የኮርስ ደብተሮቼን ከቁም ሳጥን አውጥቼ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየገለጥኩ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ትንሽ አየችና፣ ጽሑፍሽ ዛሬም መስመር ይስታል አለችኝ። ከዚያ ልጆቹን ልታስተኛ ሄደች። አምናኝ ይሁን አዝናልኝ አልጠየቅኋትም። አፈርኩ። ማፈሬም አሳፈረኝ፤ ያላጠፋ ሰው ለምን ያፍራል እያልኩ ራሴን ብሞግትም ኀፍረቱ ወይ ፍንክች።

አራተኛ፤ ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር፣ ገና በተመዘገብኩ ማግሥት «ዶክተር» ብለው የጀመሩኝ ሰው ናቸው። የእኔ ዶክትሬት የሂሳብ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ባስረዳቸው ቁርጥማታቸውን ለእኔ ከመንገር ቦዝነው አያውቁም። ሰሌዳው ላይ ከወጣሁ ወዲህ «እንዴት ዋልሽ» ብቻ ብለውኝ ያልፋሉ። ከቁርጥማት ምክክር ስለገላገሉኝ እርስዎን ማመስገን ይገባኝ ነበር፤ እንዳላመሰግንዎ ግን ደረጃውን ስወጣ በራቸው ክፍት መሆን አለመሆኑን አጮልቄ የማይ ሰው ሆኛለሁ።

አምስተኛና የመጨረሻ፤ የምርምር ዘዴ ኮርሱን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። የኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ያለ ቃል እንዴት እንደሚጠና ሲያስረዱ፣ አንድን ቃል ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ያንብቡት፣ ካልተስማሙ ወደ ጸሐፊው ተመልሳችሁ ጠይቁ፣ እስከዚያው ግን ውጤት ብላችሁ አታውጡ ብለውናል። ይህን ትምህርት ከልቤ ስለያዝኩት በተግባር ሞከርኩት። የመጀመሪያዋ አንባቢ እኔ ነኝ፤ «የሚቀራት» ብዬ አነበብኩ። ሁለተኛዋ አንባቢ እናቴ ናት። እሷ ግን ያነበበችው እንደ እርስዎ ነው። ስለዚህ አንባቢዎቹ አልተስማማንም፤ እርስዎ ግን ጸሐፊዋን፣ የሬጅስትራር ሠራተኛዋን፣ ሳይጠይቁ ውጤቱን ለጥፈዋል።

የምለምንዎ ነገር ብዙ አይደለም፤ መለመኔም ራሱ ያሳፍረኛል። ሴኔቱ በሚቀጥለው ሳምንት ስንብቴን ሲያጸድቅ ዲግሪው አብሮ ይሂድ፣ እሱን እንደምንም እችለዋለሁ። ብቻ በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ «ሥልጠናው አልተከፈተም ነበር» የሚል አንዲት መስመር ያስለጥፉልኝ። እናቴ አጭር ስለሆነች ትንሽ ዝቅ ተደርጎ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል።

በሉ እንግዲህ፣ ቀሪ ዘመንዎ የሰላምና የጤና ይሁንልዎ። ቃሏን በየትኛው ትርጉሟ እንደሚወስዷት ለኮሚቴው ውሳኔ ትቼዋለሁ።

ኮርሶቹን በሙሉ ተገኝታ ያለፈች፣
ካልተከፈተው ክፍል ግን እንደ ቀረች የተለጠፈላት፣
ታዛዥ ተማሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ከሰዓት በኋላ ከዋናው በር ሲወጡ ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ይዛ ሰሌዳው ፊት የምትቆም አጭር ሴት ካዩ እናቴ ናት። ማስታወቂያው ተለውጦ እንደሆነ ታያለች መሰለኝ። መስመሯን ማስለጠፍ የሚከብድዎ ከሆነ መኪናዎን አቁመው፣ ልጅዎ ያን ሁሉ ምሽት የት እንደነበረች እኔ አውቃለሁ ይበሏት። የፊተኛው ወንበር ላይ፣ ከእርስዎ ፊት ለፊት ነበርኩ። ለዚህ እንኳ የሬጅስትራር ማረሚያ አያስፈልግም።