ጥቁር የተቀባው የሞተሬ መብራት

ኅዳር 5። ጠዋት፣ መ/ቤት።
ክቡር ደብተር፦ ዛሬም ከሰፈራችን ከጸጸራት ት/ቤት፣ ከት/ቤት መ/ቤት። ልጄ ሰላም ከኋላ ወገቤን አንቃ። ጉም። መንገዱ ግማሹ የለም። እኔ ግን እበራለሁ። ሰባት ደቂቃ! ማንም አላጨበጨበም። ገና ከጠዋቱ ደክሞኛል።

ኅዳር 6። ከሥራ በኋላ።
ባለቤቴ ምሕረት ስብከቷን ደገመች። የመብራቱን ቀለም ፋቀው፣ ቀስ ብለህ ንዳ። (አማርኛ አታነብም፤ ሐሜቴን በዚህ ቋንቋ የማካፍልህ ለዚሁ ነው።) የሞተሩን የፊት መብራት በጦርነቱ ከተማችን በተከበበች ጊዜ ጥቁር የቀባሁት እኔው ነኝ፤ ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ብቻ ትቼ። ያኔ መብራት ያበራ ጥይት ይጋብዛል። መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመም እንዲሁ። ሕጌ ሁለት አንቀጽ ነው፤ አትታይ፣ አትቁም። ነፍሴን ያተረፈ ሕግ ነጻነት መጣ ተብሎ ይሻራል? መንግሥት ተለወጠ፤ አንቀጾቼ ጸንተዋል።
ምሕረት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ኅዳር 9። ጠዋት፣ መ/ቤት።
ጽሕፈቴን ይቅር በል።
ጉም። ቁልቁለት። ሰላም ከኋላዬ። ድንገት ብስክሌት! ብስክሌቱ ላይ ጎረቤታችን አቦይ ተኽለ። መሪውን ጠመዘዝኩ። እኛ ተረፍን፤ እሳቸው ቦይ ውስጥ ገቡ። ኮፍያቸው ከራሳቸው ንቅንቅ አላለም። ተነሡ፣ ኮታቸውን አራገፉ።
«ኣታ ወደይ፣ አንተ ልጄ፣ ድምፅህንስ ሰማሁ፤ አንተን የት ልፈልግህ? ጦርነቱ እኮ አልቋል፤ አልነገሩህም?»
ክርናቸው ይደማል። ይቅርታ አልኩ፤ ሻሂ ልጋብዝዎ አልኩ። ሻሂው ይቆየኝ፣ መጀመሪያ ልጅቱን ከዚህ ነገር ላይ አውርዳት አሉኝ። ት/ቤት ድረስ በእግር ወሰድኳት፤ ሞተሩን እየገፋሁ።

ኅዳር 10።
ትናንት ሰላም አላለቀሰችም። ጎበዝ፣ አልፈራሽም? አልኳት። አላየሁም እኮ አለች። ሞተር ላይ ስወጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ስትቆም እከፍታለሁ። ከመቼ ጀምሮ? አልኳት። ሁሌ።
ሁሌ።
ቀልድ ፈለግሁ። አጣሁ።

ኅዳር 11። እሑድ።
ቀለሙን በሽንኩርት ቢላዋ ፋቅሁ። ቢላዋውን ምሕረት አቀበለችኝ፤ ፊቷ በዓል ነው። ጥቁር ካፖርቴ ላይ ነጭ ነጠላዋን አሰረችብኝ፤ ሰው እንዲያይህ አለች። ልሞክረው ወጣሁ። የሰፈሩ አሮጊቶች ቄስ መስያቸው ጎንበስ አሉ። ምን ላድርግ፣ ባረክኋቸው።

ኅዳር 12። ጠዋት፣ መ/ቤት።
መብራት አበራሁ። ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። ተኩስ እጠብቃለሁ። የለም። መስቀለኛው ላይ ቆምኩ። እግሬ መሬት ነካ። አሁንም የለም። ከኋላዬ ጩኸት፦ «ባባ፣ አህያ! ባባ፣ ፌርማታ! ባባ፣ አቦይ ተኽለ!» እሳቸው ከሩቅ አይተውን ኖሯል፤ ኮፍያቸውን አነሡ፤ ክርናቸው በፋሻ እንደታሰረ ነው።
ሃያ ደቂቃ ፈጀ። አለቃዬ የዘገየሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠየቁ። ጻፍኩ፦ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ እዘገያለሁ። ምክንያት፦ ልጄ መንገዱን እያየች ነው።